ጥሬ ለማይበላ ፈረስ ቫይታሚንና ማዕድን እንዴት እንምረጥ?

«ገብሱን አቁሜበታለሁ፤ ታዲያ አሁን ምን ቫይታሚን ልግዛለት?»

ሱሉልታ አካባቢ ፈረስ ካላቸው ሰዎች ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ጠይቄዋለሁ። ያኔ የተሰጠኝ መልስ አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ቀይ ፈሳሽ ነበር። ጠርሙሱ ላይ የሚጋልብ ፈረስ ተስሏል፤ ውስጡ ስንት መዳብ፣ ስንት ዚንክ እንዳለ የሚናገር ቁጥር ግን ዞር ብላችሁ ብትፈልጉ የለም። ፈረሴ በጣም ወደደው። ለምን አይወደው፣ ስኳር ነዋ!

ጥሬ ማቆሙ ራሱ ችግር የለውም። የፈረስ ሆድ የተሠራው ለሣር ነው። አንዱ የገብስና የአጃ ዋጋ አልቀመስ ስላለው ያቆማል፣ ሌላው ፈረሱ ቁርጠት እየመላለሰበት፣ ሌላው ደግሞ ፈረሱ ወፍሮ አንገቱ ላይ ስብ ቆልሎ፣ ሰኮናው ውስጥ ሐኪሞች ላሚናይቲስ የሚሉት ብግነት ስለጀመረው። ለቅዳሜና እሁድ ግልቢያ፣ ለቀላል ሥራ፣ ጥሩ ድርቆሽ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ድርቆሽ ብቻ በልቶ ከከሳ የጎደለው ጉልበት ነው፤ በቫይታሚን ጠርሙስ አይሞላም።

ወደ መድኃኒት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እንጣራ። እውነት ጥሬ አቁማችኋል?

እኔ አላቆምኩም ነበር። ገብሱን አስቀርቼ በምትኩ ሁለት ኪሎ ፉርሽካ እሰጥ ነበር። «ይኼውላችሁ፣ ጥሬ የማይበላ ፈረስ» እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ግርግሙን ሲያይ ሳቀብኝ። «ፉርሽካ ከየት የመጣ መሰለህ፣ ከስንዴ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ቀልዱ እዚያ ላይ አበቃ። ሁለት ኪሎ ፉርሽካ ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ፎስፈረስ አለ፤ ካልሲየሙ ግን ሁለት ሦስት ግራም ቢሆን ነው። ፈረስ ደግሞ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፤ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ቢሆንለት ይመረጣል። ሲገለበጥበት አካሉ ካልሲየሙን ከራሱ አጥንት እየነቀለ ይወስዳል፤ ሲቆይ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ እግሩን ያነክሳል። ድሮ በፈረንጅ አገር የወፍጮ ቤት ፈረሶች በሽታ ይሉት ነበር፤ ባለወፍጮዎቹ ፉርሽካው ስለሚተርፋቸው ፈረሶቻቸውን በሱ ይመግቡ ነበርና።

ፋጉሎም ቢሆን ፎስፈረሱ ይበዛል። ትንሽ የኑግ ወይም የተልባ ፋጉሎ ፕሮቲኑን ስለሚሞላ መጥፎ አይደለም፤ የእኛ ድርቆሽ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው። ግን የሻገተውን አትንኩ። በጤናማው ፋጉሎ የሚመጣውን የካልሲየም ጉድለት አንድ ጭብጥ አልፋልፋ ወይም ትሪ ሉሰርን ያስተካክለዋል። እነዚህ ካልሲየም አላቸው። የዶሮ መኖ ማቀነባበሪያዎች የሚጠቀሙበት ላይምስቶን የሚባለው የኖራ ድንጋይ ዱቄትም ይሆናል። አደራ፣ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ አይደለም! እሱ አፍና ሆድ ያቃጥላል። ግቢያችሁ የዝሆን ሣር ተክላችሁ በብዛት የምታጭዱ ከሆነም ልብ በሉ፤ ሣሩ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ከሌላ ሣር ጋር ቀላቅሉት።

ፈረሳችሁ ስንት ኪሎ ነው?

ከውጭ የሚመጡት ምርቶች መጠናቸው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለ500 ኪሎ ፈረስ ነው። የእኛ አገር ፈረስ ባብዛኛው የዚያ ግማሽ ነው፣ አንዳንዱም ከግማሽ በታች። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ያለውን ማንኪያ እንዳለ መስጠት እጥፍ መስጠት ነው።

ሚዛን የለንም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን አለ። ከክርኑ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙ፣ በርዝመቱ አባዙ፣ ለ11,880 አካፍሉ። ዙሪያው 150 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 246 ኪሎ ግድም ይመጣል። የኔ ጥቁሩ ፈረስ ልክ እንዲህ ነው። 300 ይሆናል ብዬ ነበር የማስበው፤ ሰው የራሱ ነገር ይተልቅበታል መሰለኝ።

እንዲህ ያለ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ደረቅ መኖ ቢበላ 5 ኪሎ ነው። ሥራ ላይ ከሌለ የሚያስፈልገው ደግሞ ይህን ይመስላል፦ መዳብ 50 ሚሊ ግራም፣ ዚንክ 200፣ ሴሊኒየም ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ቫይታሚን ኢ 250 ዩኒት። ቁጥሮቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ለ500 ኪሎ ፈረስ ካወጣው መስፈርት ግማሽ ናቸው። ወረቀት ላይ ጻፏቸውና ኪሳችሁ ክተቱ፤ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ያስፈልጓችኋል።

ድርቆሹ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ሰው ሁሉ ከጠርሙሱ ይጀምራል። ከድርቆሹ ጀምሩ። የሣር ድርቆሽ በተለምዶ በኪሎ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ግራም መዳብ፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ይኖረዋል። በአምስት ኪሎ አስሉት። መዳቡ ከ25 እስከ 40፣ ዚንኩ ከ100 እስከ 150 ይሆናል። ሁለቱም አይሞሉም። ብረት ግን በተቃራኒው ይትረፈረፋል። ለፈረሳችን 200 ሚሊ ግራም ብረት ይበቃዋል፤ ተራ ድርቆሽ ብቻውን ከዚያ እጥፍ በላይ ሊሰጠው ይችላል።

የጤፍ ጭድ የምትሰጡ ደግሞ ይባስ። በበሬ ሰኮና አውድማ ላይ የተወቃ ጭድ አፈር ይዞ ነው የሚመጣው፤ አፈሩ ደግሞ ብረት ነው። የጤፍ ብረት ግማሹ ከአውድማው አፈር ነው እየተባለ ስንከራከር ኖረን የለ? ፈረሱም ያው አፈሩን አብሮ ይበላል። ጭዱን አራግፉት።

ለዚህ ነው «ደም ይጨምራል» ተብሎ ብረት የበዛበትን ቶኒክ አትግዙ የምለው። የተትረፈረፈ ብረት የመዳብንና የዚንክን ሥራ ያውካል፤ የጎደለውን የባሰ ያጎድላል። ፈረሱ እውነት ደም ካነሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሆድ ትል ነው፣ መዥገር ነው፣ ወይም ሌላ በሽታ። የብረት መርፌማ ጭራሽ አይታሰብ፤ ፈረስ ወዲያው የገደለበት ጊዜ አለ። አዲስ ለተወለደ ውርንጭላ ብረት በአፍ መስጠትም ጉበቱን ሊያጠፋው ይችላል።

ድርቆሻችሁን ማስመርመር ከቻላችሁ አስመርምሩ። ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ አለ። ናሙና ተሸክማችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ማዕድን ይለኩ እንደሆነ፣ ከግለሰብም ይቀበሉ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁ፤ የመኖ ምርመራ ሲባል ብዙ ጊዜ ፕሮቲንና አሰር ብቻ ነው የሚለካው። ናሙናው ከአንድ እስር አይወሰድ፤ ከአሥር አሥራ አምስት እስር ውስጥ ውስጡን ጭብጥ ጭብጥ አድርጋችሁ ቀላቅሉ።

መጀመሪያ ጨው

ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የሚረሳው ጨው ነው። ድርቆሽ ውስጥ ሶዲየም የለም ማለት ይቻላል። ለ250 ኪሎ ፈረስ በእረፍት ቀን 12 ወይም 13 ግራም ጨው ይበቃል፣ ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ አይሞላም። ከባድ ሥራ ሠርቶ ላብ ሲያጠምቀው እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ይደርሳል። ውኃ ግን አጠገቡ መኖር አለበት፤ ያለ ውኃ ጨው ደግነት አይደለም።

ሰቅለው የሚያስልሱት አሞሌ ጥሩ ነው፤ ግን የፈረስ ምላስ እንደ ላም ሻካራ አይደለም፤ ልሶ የሚበቃውን ያገኛል ብላችሁ አትተማመኑ። እኔ አሞሌውም ይሰቀላል፣ የቤት ጨውም ከመኖው ጋር ይገባል። የቤት ጨው አዮዲን ስላለው በዚያ በኩልም ትንሽ ይረዳል፤ ደጋው ላይ አዮዲን እንደሚያንስ ከሰዉ እንቅርት እናውቃለን። መደብር ውስጥ የምታዩት ቀይ የማዕድን ጡብ አብዛኛው ክፍሉ ጨው ነው። ቅላቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ ከዚያው ከማንፈልገው።

ቫይታሚን ኢ፣ በተለይ ከጥር በኋላ

እርጥብ ሣር ቫይታሚን ኢ ሞልቶታል። ሣሩ ታጭዶ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል፣ ተከምሮ ሲቆይ ደግሞ የቀረውም ይሄዳል። የኛ ድርቆሽ በጥቅምትና በኅዳር ይታጨዳል፤ ግንቦት ላይ ፈረሱ የሚበላው ሰባት ወር የተኛ፣ ቡናማ የሆነ ነገር ነው። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሜዳ ላይ ሲግጥ የሚውል ፈረስ ቫይታሚን ኢ መግዛት አያስፈልገውም። በጋውን ግን ያስፈልገዋል። ለ250 ኪሎ ከ250 እስከ 500 ዩኒት በቀን። ተፈጥሯዊው ከሰው ሠራሹ የተሻለ ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ መለያው ላይ ዲ አልፋ የሚለው ተፈጥሯዊው ነው፣ ዲኤል አልፋ የሚለው ሰው ሠራሹ። በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ከአንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ወይም ከተፈጨ ተልባ ጋር ስጡት።

ቫይታሚን ኤ ደግሞ ከድርቆሽ እንዲሁ ይጠፋል፤ ጉበቱ ግን ለጥቂት ወራት ያቆይለታል። አረንጓዴ ነገር ካገኘ፣ ካሮትም ከጨመራችሁለት፣ አያሳስብም። ቢ እና ኬ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሠሩለታል፣ ቫይታሚን ሲን ደግሞ ጉበቱ ይሠራዋል። ዲ? በዚህ ፀሐይ? ዝለሉት። ጋጣ ውስጥ ዘግታችሁ ካልያዛችሁት በቀር ለእሱ ገንዘብ አታውጡ።

ሴሊኒየም ላይ ቀልድ የለም። ትንሹ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ሲበዛ ይመርዛል። ሲበዛ ጋማና ጭራው ይረግፋል፣ ሰኮናው ይሰነጠቃል፤ አስቂኙ ነገር ይህን ያየ ሰው «ቫይታሚን አነሰው» ብሎ ሌላ መጨመሩ ነው። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሴሊኒየም ያለው ምርት አንድ ብቻ ይሁን። እኔ ለ250 ኪሎ ፈረስ ከሚገዛው ሁሉ ተደምሮ በቀን ከ1 ሚሊ ግራም አላሳልፍም። ሐኪም የቫይታሚን ኢ እና ሴሊኒየም መርፌ ከወጋው ደግሞ ምን እየሰጣችሁት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት።

መደብር ውስጥ

ከሁሉ በፊት ይህን አስምሩበት፦ የዶሮ ፕሪሚክስ፣ ማለትም መኖ ውስጥ የሚቀላቀለው የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት፣ ለፈረስ አይሰጥም። የዶሮና የከብት መኖ ላይ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን የሚባሉ መድኃኒቶች ሊጨመሩ ይችላሉ። ለዶሮ ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ይከላከላሉ፤ ለፈረስ ግን በጥቂቱ ልብ የሚገድሉ መርዞች ናቸው። ዶሮ አርቢ ጎረቤት «ያው ቫይታሚን ነው» ብሎ በቅንነት ሊሰጣችሁ ይችላል። አመስግናችሁ መልሱለት። የከብት ዩሪያ ሞላሰስ ጡብም ለፈረስ አልተሠራም፤ ዩሪያውን እንደ ላም አይጠቀምበትም፣ ሲበዛበትም ይጎዳዋል።

አሁን ዕቃውን አንሱና ጀርባውን አንብቡ። ስሙን፣ ሥዕሉን፣ «ሱፐር» የሚለውን እለፉት። ምሳሌ ልስጣችሁ። በኪሎ 4,000 ሚሊ ግራም መዳብና 12,000 ሚሊ ግራም ዚንክ አለው እንበል፤ መጠኑ ለ500 ኪሎ ፈረስ 50 ግራም ነው። ለኛ 25 ግራም። 25 ግራም ውስጥ 100 ሚሊ ግራም መዳብ፣ 300 ሚሊ ግራም ዚንክ ይገኛል። ከድርቆሹ ጋር ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም ግማሹ ይበቃል። ሁለተኛው ዕቃ በኪሎ 300 ሚሊ ግራም መዳብ ነው ያለው። በ25 ግራም 7 ሚሊ ግራም ተኩል። ይኼ ቀለም ብቻ ነው። ዋጋው ርካሽ ቢመስልም ለአንድ ሚሊ ግራም መዳብ ስታሰሉት ውድ ነው። ፒፒኤም የሚል ካያችሁ አትደናገጡ፣ ሚሊ ግራም በኪሎ ማለት ነው። ዚንኩ የመዳቡ ሦስት ወይም አራት እጥፍ መሆኑን እዩ። መዳቡ ሰልፌት ይሁን እንጂ ኦክሳይድ አይሁን፤ ኦክሳይዱ ሳይፈጭ ያልፋል። ቼሌት የሚሉት፣ ማዕድኑ ከፕሮቲን ቁራጭ ጋር የተያያዘበት ውዱ ዓይነት ጥሩ ነው፣ ግን ግዴታ አይደለም።

ብረት «0» ወይም «አልተጨመረም» የሚል ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ምንም ቁጥር የሌለውን ዕቃ፣ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልላችሁ፣ እዚያው አስቀምጡት።

ቀኑንም ተመልከቱ። ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። በኛ አቆጣጠር አስቦ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ቫይታሚን በቅናሽ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ጥሬ ከሌለ በምን ይዋጣል?

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ድሮ ገብሱ ላይ ነስንሶ ማብላት ነበር። አሁን ዱቄቱን ደረቅ ድርቆሽ ላይ ብትነሰንሱት ግርግሙ ሥር ተራግፎ ይቀራል፤ ፈረስ ደግሞ በከንፈሩ መርጦ መተው ይችልበታል። እኔ የማደርገው፣ ሁለት ጭብጥ ደቀቅ ያለ አልፋልፋ በውኃ አርሼ፣ ያን ቀን የተፈጨ ተልባ አንድ እፍኝ ጨምሬ፣ ጨውና ማዕድኑን እዚያ ውስጥ አሸዋለሁ። እርጥበቱ ዱቄቱን ይይዘዋል። አልፋልፋ ካጣችሁ የተቆረጠ ድርቆሽና የተፈገፈገ ካሮት ይሆናል። ሞላሰስ ብዙ ሰው ያደርጋል፤ ለወፈረና ሰኮናው ለታመመ ፈረስ ግን ጥሬውን አስቀርቶ ስኳር መስጠት ትርጉም የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አትስጡ። በሩብ ጀምራችሁ በሳምንት አሥር ቀን ውስጥ ሙሉው ላይ ድረሱ። አንዴ ሽታው ካስጠላው በኋላ ማግባባት ከባድ ነው። የእኔዋ ባዝራ ሣህኑን በአፍንጫዋ ገልብጣ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፀጉሩ ላይ ለውጥ የምታዩት ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው፤ ጥቁር ፈረስ ጫፍ ጫፉ መቅላቱ የመዳብ ጉድለት ሊሆን ይችላል፣ የፀሐይም ሊሆን ይችላል። ሰኮና በወር አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ላያድግ ይችላል፤ ከላይ ወርዶ እስኪተካ ዓመት ሊፈጅ ነው። ለተሰነጠቀ ሰኮና ባዮቲን የሚባለውን የቢ ቫይታሚን ከሰጣችሁ፣ ለ250 ኪሎ 10 ሚሊ ግራም በቀን፣ ቢያንስ ዘጠኝ ወር ሳታቋርጡ፤ በሁለት ወር «አልሠራም» ብላችሁ ከምታቆሙት ባትጀምሩት ይሻላል። በየወሩ በስልካችሁ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ፎቶ አንሱት። ዓይን ያታልላል።

እስከዚያው ከሳ ብላችሁ ሌላ ነገር አትጨምሩበት። ጥርሱን አሳዩ፣ የትል መድኃኒቱን አስተካክሉ። እያላመጠ ከአፉ ጥቅልል ድርቆሽ የሚጥል ፈረስ ችግሩ ጥርሱ ነው።

በጥቅምት አዲስ ድርቆሽ ስታስገቡ ሒሳቡን እንደገና ሥሩት፤ ሌላ ሜዳ ሌላ ሣር ነው። የተከፈተውን ዕቃ ክዳኑን ገጥማችሁ ጥላና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ቆርቆሮ ሥር አይሁን። ግቢው ውስጥ በግ ካላችሁ ደግሞ ባልዲውን አርቁ። ለፈረስ ልክ የሆነው መዳብ በግ ይገድላል፤ የእኛ በጎች ደግሞ ያልተከደነ ነገር አያልፉም።